የገመድ ጃክ ብየዳ፦ ለመስክ ቀረጻ ጀማሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ ወይም ደብረ ወርቅ የሚጓዝ የሥነ ቃል ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ስልኩንና በልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ነው። የዚህ መሣሪያ ደካማ ጎን ገመዱ ከጃኩ ጋር የሚገናኝበት፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላው ቦታ ነው። ገመዱ እዚያ ላይ ደጋግሞ ይታጠፋል፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ ላዩ ግን ደኅና መስሎ ይቆያል። ዕድሜያቸው የገፋ የቅኔ መምህር አንድ ሰዓት ሙሉ የተናገሩት ቃል ተቆራርጦ ሊቀር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ መምህሩን ዳግመኛ ማግኘት ደግሞ ሁልጊዜ አይቻልም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ብየዳ ከመጠይቅ ዝግጅት ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው የመስክ ዝግጅት ነው።

ጃክ በጥቁር ቀለበቶች የተከፋፈለ ዘንግ ነው። ባለ ሦስት ክፍሉ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ በጫፉ የግራውን፣ በመካከለኛው ቀለበት የቀኙን ድምፅ ያስተላልፋል፤ ከሥር ያለው እጀታ ግራውንድ ነው። የስልኩ ባለ አራት ክፍል ነው፤ በአብዛኞቹ የቅርብ ጊዜ ስልኮች ማይክሮፎኑ ከእጀታው፣ ግራውንዱ ከሁለተኛው ቀለበት ጋር ይያያዛል። በአንዳንድ ቀደምት ስልኮች ይህ ተገላቢጦሽ ነበር። የሁለቱም ውፍረት 3.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ክራርና በማጉያ ላይ የሚታየው ባለ 6.35 ሚሊ ሜትሩ ከ19ኛው መቶ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ሰሌዳ የወረደ ነው።

የሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ አይታመንም። በመሆኑም የተቆረጠውን አሮጌ ጃክ ከነቁራጭ ገመዱ መጣል አይገባም፤ የትኛው ቀለም ከየትኛው ክፍል እንደሚገናኝ በመልቲሜትር የሚታወቀው ከእርሱ ነው። ከሽቦዎቹ አንዱ ተበጥሶ ከሆነ ሌሎቹ ከታወቁ በኋላ ተለይቶ ይቀራል።

63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ ያለው የመበየጃ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የካውያው ጫፍ ግን ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ቢሆን ሥራው ይፈጥናል። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ እዚህ አያሳስብም፤ የብረታ ብረት መቅለጫ በአየር ግፊት ለውጥ እምብዛም አይነካም። ከሁሉ አስቀድሞ የጃኩ ሽፋን በገመዱ ላይ ይጠለቃል፤ ይህን የዘነጋ ሰው ያማረ ብየዳውን መልሶ ይፈታል። ቀይና አረንጓዴ የሚመስሉት ቀጫጭን ክሮች በቫርኒሽ የተሸፈኑ ስለሆኑ፣ ጫፋቸው በትኩስ ካውያና በቀለጠ ቆርቆሮ ካልተቃጠለ አይያያዙም። ቀጥሎ ካውያው ሽቦውንና የጃኩን ምላስ በአንድነት ያሞቃል፤ ቆርቆሮው የሚነካውም የሞቀውን ብረት እንጂ ካውያውን አይደለም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ በክፍሎቹ መካከል ያለው ፕላስቲክ ይቀልጣልና፣ ጃኩን በትርፍ ሶኬት ውስጥ ሰክቶ መሥራት ሙቀቱን ይቀንሳል። እስኪረጋ ድረስ ምንም መንቀሳቀስ የለበትም። እንደ ጠብታ ተድቦልቡሎ የቀረ ብየዳ ዛሬ ቢሠራ እንኳ ነገ ይንኮሻኮሻል። እርሳስ የሌለበት ቆርቆሮ በተፈጥሮው ደብዛዛ ስለሆነ፣ መመዘኛው በብረቱ ላይ መሰራጨቱ እንጂ ማብረቅረቁ አይደለም። ብየዳ ጉተታ አይችልም፤ የጃኩ መያዣ የገመዱን የውጭ ልባስ አጥብቆ መያዝ አለበት።

ጭሱ የሚወጣው ከፍላክሱ ስለሆነ መስኮት መክፈት ያስፈልጋል። እርሳሱ ግን በእጅ ላይ ይቀራልና ወደ ማዕድ ከመቅረብ በፊት መታጠብ ግድ ነው።

ሽፋኑ ከመጠምዘዙ በፊት በማይክሮፎኑና በግራውንዱ መካከል መልቲሜትሩ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ንባብ ካሳየ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ቀጥሎ መብራት ባለበት ቤት ገመዱን ከጃኩ ሥር እያጠፉ ለአንድ ደቂቃ ቀርጾ መስማት ይገባል፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ወይም የ50 ኸርዝ እምምታ ከተሰማ በመጀመሪያ የሚፈተሸው የግራውንዱ ሽቦ ነው።