በገና ዋዜማ ነፋስ የሚጠብቁ ሰዎች

በታኅሣሥ ጥያ ላይ ገበሬው መንሹን ይዞ አውድማው ዳር ነፋስ ይጠብቃል። ነፋስ ካልመጣ ፍሬው ከገለባው አይለይም። በዚያው ሰሞን ኦስትሪያ ውስጥ ቢሾፍስሆፈን በምትባል ከተማ፣ ከረጅም መንደርደሪያ አናት ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው እንዲሁ ነፋስ ይጠብቃል። እግሮቹ ላይ ከቁመቱ በጣም የሚረዝሙ ስኪዎች ታስረዋል። አሠልጣኙ ባንዲራ ሲያወዛውዝለት ቁልቁል ይለቃል፤ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንሸራቶ ከጫፉ ይዘልና ከ120 ሜትር በላይ በአየር ላይ ሄዶ ያርፋል። ቀኑ በልማድ በፈረንጆች ጥር 6፣ የእኛ የገና ዋዜማ ነው።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው፣ በጀርመንና በኦስትሪያ አራት ከተሞች የሚዞረው የስኪ ዝላይ ውድድር መደምደሚያ ነው። የስፖርቱ የዓለም ዋንጫ ግን ከዚህ ይሰፋል። እኛ ጤፍ በምናጭድበት በኅዳር ይጀምርና በመጋቢት ስሎቬኒያ ውስጥ ፕላኒካ ላይ ያበቃል። በየውድድሩ አንደኛ የወጣ 100 ነጥብ፣ ሠላሳኛው 1 ነጥብ ያገኛል፤ በድምሩ የሚመራው ቢጫ ቁጥር ለብሶ ይዘላል።

የነጥብ አሰጣጡ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ሰው ሩቅ የዘለለ ሁሉ የሚያሸንፍ ይመስለዋልና። ትልቅ በሚባለው የዝላይ ኮረብታ የተወሰነለት መስመር ላይ ያረፈ 60 ነጥብ ይያዝለታል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሜትር 1.8 ነጥብ ይጨምራል። አምስት ዳኞች አየር ላይ ያለውን አቋምና አንዱን እግር ከፊት አስቀድሞ ማረፉን አይተው እስከ 20 ይሰጣሉ፤ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይሰረዛል። ነፋስም ይመዘናል። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ዘላዩን ስለሚያንሳፍፈው ነጥብ ይቀነስበታል፤ ከኋላ የሚመጣው ቁልቁል ስለሚጫነው ይጨመርለታል።

በዚህ ስፖርት ታሪክ እኔ ከሁሉ የማደንቀው ስዊድናዊውን ያን ቦክሎቭን ነው። ሌሎች ስኪዎቻቸውን ጎን ለጎን ገጥመው ሲበሩ፣ እሱ ጫፋቸውን እንደ መቀስ ከፈተ። አየሩ ይበልጥ አነሳው፤ ዳኞቹ ግን አላማረንም ብለው ነጥብ ቀነሱበት። እሱ አልተወውም። እየተቀነሰበትም ርቆ እየዘለለ የ1988/89ን የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ዛሬ እንደ እሱ የማይዘል የለም።

የዓለም ዋንጫው የመጀመሪያ ዓመቱን የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1980 ነበር። የጥያ ትክል ድንጋዮች በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በዚያው ዓመት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሌክ ፕላሲድም ያን ዓመት የክረምት ኦሊምፒክ አስተናግዳለች፤ ለዝላዩ የተሠሩት ማማዎች ዛሬም ከሩቅ ይታያሉ። በእነዚያ ማማዎች አቅራቢያ ነው አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ የበረዶ ሸርተቴ የተማረው። እሱ ግን ከዝላይ ይልቅ የዝላዩን ወንድም፣ ረጅም ርቀት በስኪ የሚሮጥበትን ስፖርት መረጠ። ለኢትዮጵያዊ ሳንባ የሚስማማ ምርጫ ይመስለኛል።

በረዶ ሲጠፋ ሁለቱም ስፖርቶች መላ አላቸው። ዘላዮቹ በበጋቸው መንደርደሪያውን በሴራሚክ፣ ማረፊያውን ውሃ በሚርከፈከፍበት ፕላስቲክ ሸፍነው ይዘላሉ። ሯጮቹ ደግሞ መንኮራኩር ያለው አጭር ስኪ እግራቸው ላይ አስረው አስፋልት ላይ ይለማመዳሉ። ሮቤልም በኢትዮጵያ አስፋልት ላይ በዚህ መንኮራኩር ሠልጥኗል። የሀገሩን የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ያቋቋመውም እሱ ነው።

በየካቲት 1998 ዓ.ም. ቱሪን ላይ በ15 ኪሎ ሜትር 83ኛ ወጣ፤ ከኋላው የቀሩ ነበሩ። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ቫንኩቨር ላይ ደግሞ ተመለሰ። በሁለቱም ጊዜ በመክፈቻው ምሽት ሰንደቁን የያዘውም፣ በውድድሩ ቀን በረዶው ላይ የወጣውም እሱ ብቻ ነበር።