ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር በእግር

ስለ ስሜን ስንነጋገር ብዙዎቻችን «ውብ ተራራ ነው» ብለን እናቆማለን። ውብነቱን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ሳንቃ በር በእግሩ የሄደ ሰው ከውበቱ ሌላ ብዙ የሚያስተምር ነገር ያያል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ በዚያ መንገድ ዘወትር የሚታየውን ከነምክንያቱ መግለጽ ነው።

ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ የዳባት ጎረቤት መሆኗም የታወቀ ነው። ከከተማዋ እንደ ወጣን ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡ ልጆች፣ ባሕር ዛፍ የተጫኑ አህዮች፣ ጭራሮ ያዘሉ እናቶች ያጋጥሙናል። ባሕር ዛፍ፣ ስሙም እንደሚያስረዳው፣ ከባሕር ማዶ የመጣና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ ነው። የደጋው ሰው ለቤቱም ለማገዶውም የሚጠጋው በርሱ ነው። እርሱ ያልደረሰለት ደግሞ ኩበት ያነዳል፤ ኩበቱ ግን ባይነድ ኖሮ ለማሳው ፍግ በሆነ ነበር። እንግዲህ ከየጎጆው ጣራ የሚወጣው ጢስ ከእርሻው ኀይል የሚቀነስ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው በተዳፋት ላይ የተዘራ የገብስ ማሳ ነው። ገበሬው ዘንድሮ ድንጋዩን ለቅሞ ይጥላል፤ በሚመጣው ዓመት ሌላ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋዩ የበቀለ ይመስላል እንጂ አልበቀለም፤ የሄደው አፈሩ ነው። የክረምቱ ጎርፍ አጥቦ ወደ ተከዜ ያወርደዋል፤ ተከዜም ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይገናኛል፤ በርሱም በኩል ከዓባይ ይቀላቀላል።

ቡይት ራስን አልፈን ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጉሙ ከእግራችን በታች እንደ ባሕር ተኝቶ እናያለን። ይህ ገደል ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈልቶ የወጣ ድንጋይ ተደራርቦ የሠራው፣ ውሃም የሸረሸረው ነው። በአፋፉ ላይ ደረቱ ቀይ የሆነው ጭላዳ ተቀምጦ በእጁ ሣር እየነጨ ይበላል። ከርሱም ጥቂት ራቅ ብሎ እረኛው ልጅ ጅራፉን ይዞ በጎቹን ያግዳል። ሲመሽ ጭላዳው ወርዶ በገደሉ እርከን ያድራል፤ እረኛውም ወደ ቤቱ ይገባል። ውሏቸው ግን በአንድ ሣር ላይ ነው። የነገሩም ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው።

ዋልያ በዓለም ላይ የሚገኘው በስሜን ብቻ ስለ ሆነ ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ተደረገ፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻውና ግጦሹ እየበዛ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ሲሄድ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ መንደር ቤተሰቦች ቀዬአቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2009 ዓ.ም. ፓርኩ ከዚያ መዝገብ ወጣ።

ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ዋጋውን የከፈለው ማን እንደ ሆነ መርሳት አይገባንም። ሞፈርና ቀንበር እንጂ ሌላ ሙያ ያልተማረ ሰው ከተማ ገብቶ የቤት መሥሪያ ቦታና ካሣ ቢያገኝ፣ ካሣው ሲያልቅ በምን ይኖራል? ልጁስ ከማን መንጋ ኋላ ይውላል?

ውድ ጓደኞቻችን! ጥያቄው ዋልያው ይቅር ወይስ ሰው ይቅር የሚል አይደለም። ማገዶ የሚቈጥብ ምድጃ፣ እርከን የተሠራለት ማሳ፣ ከጐብኚ የሚገኘው ገንዘብ ለመንደሩ የሚደርስበት ደንብ፣ ለተዛወረውም ሰው የሚሆን ሙያ፣ እነዚህ ሁሉ እኛ በየፋኩልቲያችን ከምንማረው ውጭ አይደሉም። ስለዚህ ወደ ስሜን የሚሄድ ተማሪ ፎቶግራፍ አንሥቶ ብቻ አይመለስ፤ ጭራሮ ያዘለችውን እናት ከየት እንዳመጣችውና ስንት ሰዓት እንደ ሄደች ይጠይቃት። ከዚያም የሰማውን ይዞ ወደ መጽሐፉ ይመለስ።