የሽቦ መኪና ጎማ ስለምን ይተልቃል?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ጂጋን ካለፈ በኋላ ደምበጫ ይገባል። አብዛኛው መንገደኛ ከተማይቱን የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። እኛም እንደዚያው ነበርን፤ አንድ የኅዳር ቀን የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጎማው ተንፍሶ ከሁለት ሰዓት በላይ እስክንቆምባት ድረስ። ረዳቱና ጎሚስታው ከብሎኑ ጋር ሲታገሉ እኛ በመንገዱ ዳር ወዲያ ወዲህ እንል ነበር። በዚህ መካከል ዐሥር ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ አይሱዙ እየነዳ በአጠገባችን አለፈ።

አይሱዙው ከጫፍ እስከ ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ሻንሲው ከሽቦ ተጣጥፎ፣ ካቢናው ከዘይት ቆርቆሮ ተቀድዶ የተሠራ ነው። ከፊት እግሩ የተነሣ ረጅም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት ይደርስና ጫፉ ላይ እንደ መሪ ክብ ሆኖ ይጠመዘዛል። ፓራውልቱ እንኳ አልተረሳም። ዓይናችንን የቈረቈረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጠው የተሠሩት ጎማዎች ከመኪናው ጋር ጨርሶ አይመጣጠኑም። እውነተኛው መኪና 7 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት አለው ብንል የልጁ ሥራ 1 ለ25 በሆነ ምጥጥን የተሠራ ነው፤ በዚህ ምጥጥን ደግሞ ጎማው ከ4 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ነበር። የእርሱ 7 ይሆናል።

«ማሙሽ፣ ጎማው አልተለቀም?» አልነው።

«አይ ጋሼ፣ ትንሽ ሲሆን እኮ ጠጠሩ ይይዘዋል። በፊት ቆርኪ ነበር ያረግሁለት። ቤት ውስጥ እንጂ ደጅ አይሄድም» አለንና መሪውን አዙሮ ሄደ።

አውቶቡሳችን ተነሥቶ ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ድረስ ይህ መልስ ከአእምሯችን አልወጣም። ልጁ የነገረን ነገር በፊዚክስ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው ጉዳይ ነውና።

መኪናን አሳንሶ መሥራት በሌላው ዓለም የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሙያ ነው። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በነበርንባቸው ዓመታት የቤታችን አከራይ የነበሩት ጡረተኛ ምሽታቸውን የሚያሳልፉት በዚሁ ሥራ ነበር። በካርቶን የሚሸጡ የፕላስቲክ ክፍሎችን በወረንጦ እያነሡ፣ በሙጫ እያጣበቁ፣ ከፀጉር በቀጠነ ብሩሽ ቀለም እየቀቡ አንዷን መኪና ለመጨረስ ሁለት ወር ይፈጅባቸዋል። ምጥጥኖቹ የታወቁ ናቸው፤ 1 ለ18፣ 1 ለ24፣ 1 ለ25፣ 1 ለ43። ይህች የመጨረሻዋ ቁጥር እንግዳ ናት። አመጣጧ ከመኪና ሳይሆን ከባቡር ነው። በእንግሊዝ አገር የአሻንጉሊት ባቡር ሠሪዎች እያንዳንዱን ጫማ (ፊት) በ7 ሚሊ ሜትር ይወክሉ ነበርና፣ 304.8 ለ7 ሲካፈል 43 ተኩል ገደማ ይመጣል። የሊቨርፑሉ የሜካኖ ኩባንያ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲንኪ የተባሉትን ትንንሽ መኪኖች ማውጣት ሲጀምር ከባቡሮቹ ጎን እንዲቆሙ አስቦ ነበር። ማችቦክስ የተባሉት ደግሞ ስማቸውን ያገኙት ከክብሪት ቀፎ ነው። ጃክ ኦዴል የተባለው መሐንዲስ የልጁ ትምህርት ቤት በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከሚገባ አሻንጉሊት በቀር ስለ ከለከለ፣ እ.ኤ.አ. በ1952 ገደማ በዚያ ልክ አንዲት የመንገድ መዳመጫ ሠራላት ይባላል።

የአከራያችን መኪኖች እጅግ ያምሩ ነበር። የበሩ እጀታ፣ የባሌስትራው ቅጠል፣ የሰሌዳው ቁጥር ሁሉ በልኩ ነበር። ነገር ግን አንዳቸውም ከመደርደሪያ ወርደው አያውቁም። ብንነዳቸውም ምንጣፉን አይሻገሩም። ደምበጫ ላይ ያየነው አይሱዙ በር የለውም፤ መንገዱን ግን ይሄዳል። ሁለቱም ሞዴል ናቸው። ልዩነታቸው ከእውነተኛው መኪና ምኑን እንጠብቅ በሚለው ምርጫ ላይ ነው።

ሁሉንም አንድ ላይ መጠበቅ አይቻልም። ይህን በግልጽ ጽፎ ያስተማረን ጋሊሊዮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1638 በላይደን በታተመው ስለ ሁለት አዳዲስ ሳይንሶች በሚናገረው መጽሐፉ። አንድን ነገር በሁሉም አቅጣጫ 25 ጊዜ ብናሳንሰው ስፋቱ 625 ጊዜ፣ ይዘቱና ክብደቱ ደግሞ 15,625 ጊዜ ያንሳል። የዕቃው ጥንካሬ የሚወሰነው በተቆረጠበት ገጽ ስፋት ነው፤ የሚሸከመው ክብደት ግን ከይዘቱ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ ትንሹ መኪና ከክብደቱ አንጻር ከትልቁ 25 እጥፍ ይጠነክራል። 5 ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ ምጥጥን ከዚያው ብረት ቢሠራ 320 ግራም ብቻ ይሆናል።

ሞዴሉ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠረጴዛ ቢወድቅ መሬት የሚደርሰው በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ገደማ ነው። ካቢናው ቢጨረመት ነው። ለእውነተኛው መኪና ተመጣጣኙ ጠረጴዛ ወደ 19 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ እንደ መውደቅ ማለት ነው። መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 69 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ብረት ማብረድ ያለበት ኢነርጂም 25 እጥፍ ነው። ሕፃናት መኪና ሲያጋጩ ምንም እንደማይሆን አድርገው የሚያስቡት ስለዚህ ነው። በእነርሱ ዓለም እውነትም ምንም አይሆንም።

ልብ በሉ፤ ከፍታው 25 ጊዜ ሲያንስ ፍጥነቱ ያነሰው 5 ጊዜ ብቻ ነው። 5 የ25 ዳግም ዘር ነው። ዊልያም ፍሩድ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ቶርኪ በተባለችው ከተማ ገንዳ ሠርቶ የመርከብ ሞዴሎችን እየጎተተ ያጠናው ይህንኑ ሕግ ነው። የመሬት ስበት በሚገዛው እንቅስቃሴ ሁሉ ፍጥነት በምጥጥኑ ሳይሆን በምጥጥኑ ዳግም ዘር ይለካል። የደምበጫው ልጅ በሰከንድ 3 ሜትር እየሮጠ አይሱዙውን ቢነዳ ለእውነተኛው መኪና በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር እንደ መንዳት ይቆጠራል፤ የገጠር ሾፌር ልክ። በባትሪ የሚሄዱ አሻንጉሊቶችን የሚሸጡ ነጋዴዎች ግን ፍጥነቱን በ25 ያባዙና በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ብለው በካርቶኑ ላይ ይጽፋሉ። ይህ ለገበያ እንጂ ለፊዚክስ አይሆንም። የፊልም ሠሪዎች ሕጉን በደንብ ያውቁታል። በ1 ለ16 የተሠራ መኪና ከገደል ሲወድቅ የሚቀርጹት ከተለመደው ፍጥነት በ4 እጥፍ፣ በሰከንድ 96 ምስል ነው፤ አለበለዚያ ተመልካቹ አሻንጉሊት መሆኑን ወዲያው ይነቃል።

አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። ልጁ መኪናውን 25 ጊዜ አሳንሶታል፤ የደምበጫ ጠጠር ግን አላነሰም። አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነች ጠጠር በዚያ መኪና ፊት 25 ሳንቲ ሜትር ቋጥኝ ናት። ጎማን በአግድም ገፍቶ ጠጠር ለማስወጣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ማስላት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው። ግማሽ ሜትር ሬዲየስ ላለው የእውነተኛው መኪና ጎማ፣ በላዩ ያረፈው ክብደት አንድ አምስተኛው ይበቃል። 4 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው «ትክክለኛ» የሞዴል ጎማ ክብደቱን 1.7 ጊዜ ይጠይቃል። ቆርኪው ወደ 2.5 ይደርሳል። 7 ሳንቲ ሜትር የሆነው የነጠላ ጫማ ጎማ ግን በአንድ እጥፍ ገደማ ይወጣል። ልጁ ያለ ቀመር ቆርኪውን ጥሎ ነጠላ ጫማውን ያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። መልኩን አበላሽቶ ጠባዩን ጠበቀ።

መሪውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። መኪና ሳይንሸራተት እንዲዞር የአራቱም ጎማዎች እምብርት መስመሮች በአንድ ነጥብ መገናኘት አለባቸው። በዘመናዊ መኪና ይህ የሚፈጸመው የሙኒኩ ላንከንስፐርገር አስቦት፣ አከርማን በ1818 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ላይ ፓተንት ባወጣለት ዘዴ ነው፤ የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ይልቅ ይበልጥ ይጠመዘዛል። የሽቦ መኪና ግን የፊት አክስሉ እንዳለ መካከሉ ላይ ይዞራል፤ እንደ ጋሪ። ሁለቱ የፊት ጎማዎች አንድ መስመር ስለሚጋሩ ጥያቄው ያለ ብዙ ድካም ይመለሳል። ጉድለቱ በጠባብ መዞሪያ ላይ የፊት ለፊቱ ድጋፍ ጠብቦ መኪናው መገልበጡ ነው፤ ይህንንም ልጆቹ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ሌላም አለ። በሁለቱ ጎማዎች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ያለው መኪና ግማሽ ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ሲዞር የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው 22 በመቶ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱም ከአክስሉ ጋር ቢጣበቁ አንደኛው የግድ ይጎተታል። ለእውነተኛው መኪና ዲፈረንሻል የተሠራው ለዚህ ነው። ልጁ ጎማዎቹን በሽቦው ላይ ልል አድርጎ ይሰካና እንዳይወጡ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ፣ ፒንሳ ከሌለም በጥርሱ ያጥፈዋል። ሽቦው በቀጠነ መጠን ሰበቃው የሚጎትተው ከእምብርቱ በቀረበ ርቀት ነውና መኪናው ይቀልለዋል።

ሽቦ የማያገኙት የገጠር ልጆች በአገዳ ይሠራሉ። የደምበጫ አካባቢ የበቆሎ አገር እንደ መሆኑ ከመከር በኋላ ዕቃው በየማሳው ነው። የደረቀ አገዳ ሲላጥ ቅርፊቱ እንደ ስንጥር ጠንካራ፣ ውስጡ ለስላሳና ቀላል ነው። ልጆቹ ውስጡን በመጠን በመጠኑ ቆርጠው በቅርፊቱ ስንጥር እየሰኩ አውቶቡስ፣ ከነፖርቶ መጋላው፣ ያቆማሉ። ያለ ሙጫ፣ ያለ ምስማር። አገዳው ራሱ ትምህርት ነው። ሲታጠፍ ትልቁ ውጥረት የሚያርፈው በውጭኛው ሽፋን ላይ ነውና፣ ተፈጥሮ ጠንካራውን ክፍል ያስቀመጠችው እዚያው ላይ ነው። የብረት ቱቦ ሠሪም ያንኑ ያደርጋል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻችን አንድ ጥያቄ አቀረብን፤ በ1 ለ25 የተሠራ ሞዴል ከዚያው ብረት ቢሠራ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ ይቀላል? ብዙዎቹ 25 ብለው ጻፉ። ወረቀቱን ከሰበሰብን በኋላ በልጅነቱ መኪና የሠራ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቅን። በመጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ዝምታ ሆነ። ከዚያ እጆች አንድ በአንድ ይነሡ ጀመር፤ ሁሉም የወንዶች ነበሩ። ሴቶቹ በዚያ ዕድሜያቸው እንስራ ተሸክመው እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። ጎማው ስለምን ይተልቃል ስንላቸው ግን 25 ብሎ የጻፈውም ሁሉ ሳያመነታ ጠጠሩን ጠራ። አንደኛው ተማሪ በኋላ ቢሯችን መጥቶ የአባቱን ነጠላ ጫማ ቆርጦ መገረፉን አጫወተን። መገረፉ ስለ ጫማው ብቻ አልነበረም። «እንደ ቀጥቃጭ ልጅ ብረት ስትነካካ» ተብሎም ነበር።

ይህን ስድብ አንባቢያችን ያውቀዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክለውን አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል፣ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ያመጣት ሲድሊ፣ አዲስ አበባ የገባችውም በዚያው ዓመት ነው። ዛሬም በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አካሉ በአገር ውስጥ በላሜራ ተመትቶ የሚሠራለትን አውቶቡስ ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» ይለዋል። በቅጥቅጥ ተሳፍሮ ቀጥቃጭን የሚሰድብ ሰው ምን ይባላል? ደግሞ ተማሪው በእጁ የሚያውቀውንና በደብተሩ የጻፈውን የሚያገናኝለት ሳያገኝ ዩኒቨርሲቲ መድረሱ ከአባቱ ይልቅ እኛን መምህራኑን የሚመለከት ነው።

ባለፈው መንፈቅ ከዚያ ተማሪና ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሆነን ለማስተማሪያ የሚሆን አይሱዙ ሠርተናል። ርዝመቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጎማው 4 ሳንቲ ሜትር፣ ሁሉም በ1 ለ25 ነው፤ ልኩን የወሰድነው በግቢው ከቆመ መኪና ላይ በሜትር ነው። በቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ተዳፋት ሠርተን ስንለቀው በጥሩ ሁኔታ ወረደ። ከዚያ በኮሪደሩ እንንዳው ተባለና በሩ ላይ ሲደርስ ከሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የፊት እግሩ ገብቶ ቆመ። ተማሪው ምንም አላለንም። በማግስቱ አንድ እግር አሮጌ ነጠላ ጫማና ምላጭ ይዞ መጣ።