ጨው ያለፈባት ከተማ

ለአነስተኛ ከተሞች ፕላን ስናዘጋጅ ከምንሞላቸው ቅጾች አንዱ የከተማውን የኢኮኖሚ መሠረት ይጠይቃል፤ ለመልሱ የተተወው ቦታም ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ፋብሪካ ወይም የማዕድን ጉድጓድ ላለው ከተማ ይህ ይበቃል፤ ነገር ግን የተቆረቆረበት ምክንያት ከመቶ ዓመት በፊት ትቶት የሄደ፣ ሕዝቡ ግን አብሮ ያልሄደ ከተማ ሲገጥመን፣ እነዚያ ጥቂት መስመሮች ለባለሙያው ጭንቅ ይሆኑበታል። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ፣ ደጋው ወደ ዐባይ ሸለቆ ከማዘቅዘቁ በፊት የምትገኘውን የባሶ ሊበኗን የጁቤን ለማጥናት ተልኬ በከረምሁበት ጊዜ የገጠመኝ ይኸው ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በነጋድያን ዘንድ ባሶ እየተባለ ስሙ የገነነው ገበያ የሚቆመው በዚሁ ስፍራ ነበር። ከእናርያና ከከፋ ተነሥቶ፣ በጉዱሩ አሰንዳቦ ገበያ አርፎ፣ የዐባይን በረሃ አቋርጦ የሚመጣው ሲራራ ወርቁንና የዝሆን ጥርሱን፣ ቡናውንና በቀንድ የታሸገውን ዝባድ፣ እንዲሁም ዛሬ ስናነሣው ልናፍርበት የሚገባንን፣ እንደ ከብት ተነድቶ የሚሸጠውን የሰው ልጅ ይዞ ወደ ደጋው ይወጣ ነበር፤ ሲመለስም ከጫናቸው ዕቃዎች ሁሉ ዋነኛው አሞሌ ጨው ነበር። ቻርልስ ቢክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1830ዎቹ ዓ.ም. ከገበያው በማይርቅ በያውሽ መንደር ተቀምጦ፣ እናርያንም ከፋንም ሳያይ፣ የእነዚያን አገሮች ቋንቋ ከነጋዴዎች አፍ እየሰማ ቃላቱን መዝግቧል፤ የገበያውን ስፋት ለመገመት ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም።

አሞሌ ገንዘብ ስለ ነበረ ማዕድን መሆኑን እንዘነጋዋለን። ከባሕር ወለል በታች ከሚገኘው ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ፣ በግመል ወደ ትግራይ ደጋ ከወጣ በኋላ፣ በአህያና በበቅሎ ጀርባ አገር ለአገር ዞሮ ጎጃም ይደርስ ነበር፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥርም ዋጋው እንደሚጨምር ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፎታል። እንግዲህ ከዐባይ ማዶ ይበልጥ ውድ ለሚሆነው ለዚህ ጨው ባሶ የመጨረሻዋ የደጋ ደጃፍ ነበረች ማለት ነው፤ ስለዚህም በእኔ አስተያየት የጁቤ ጉድጓዱ በሌላ አገር የተቆፈረላት የማዕድን ከተማ ነበረች።

የማዕድን ከተማ የሚጠፋው ማዕድኑ ሲያልቅ ነው ይባላል፤ የየጁቤ ማዕድን ግን አላለቀም፤ መንገዱ ነው የዞረው። በ1873 ዓ.ም. ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እጅ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የደፉት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በዓመቱ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት በንጉሥ ምኒልክ ድል በሆኑ ጊዜ፣ ከዐባይ ማዶ ያለው ሀብት ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፤ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የደቡብና የምዕራቡ ቡና ከፊሉ ወደ ጅቡቲ፣ ከፊሉም በጋምቤላ በኩል ወደ ሱዳን ይጓዝ ነበር። ከዚያም በኋላ የመኪናው አውራ ጎዳና በደጀን በኩል ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያልፍ፣ የጁቤ ከጎዳናው ውጭ ቀረች።

ነገሩን ከዳሎል ጋር ሳነጻጽረው ይበልጥ ይገለጥልኛል። ጨው በሚቆረጥበት በዚያው በአፋር ሜዳ ላይ ኢጣልያኖች ፖታሽ ፍለጋ ሰፈሩ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከመርሳ ፋጡማም ሐዲድ ዘረጉ፤ በኋላም የአሜሪካ ኩባንያ ገባበት። ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. በዳሎል የተመዘገበው የሙቀት አማካይ 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ ይህም ሰው በኖረበት ስፍራ ከተለካው ሁሉ ከፍተኛው መሆኑ ይነገራል። ሥራው ሲቆም ሰፈሩ ወና ሆነ፤ ዛሬ የቆመው ከጨው ጡብ የተሠራ የቤት ፍርስራሽ ነው። በዚያ ሰፈር የነበሩት ስለ ማዕድኑ ብቻ የመጡ ነበሩና ማዕድኑን ተከትለው ሄዱ፤ በየጁቤ ግን ከሲራራው በፊትም በኋላም ገበሬው፣ ርስቱ፣ ደብሩና መካነ መቃብሩ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላም ቅጹ ባዶ ነበረ። አንድ ቀን ቤት ያከራዩኝን እናት፣ «እማሆይ፣ ይህ ከተማ የሚኖረው በምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ ጥጣቸውን መፍተላቸውን ሳያቋርጡ፣ «በጤፍና በመንግሥት ሠራተኛ ነዋ፣ ልጄ፤ አንዱ ይዘራል፣ ሌላው ዝውውር ይጠይቃል፤ እስኪፈቀድለት ድረስ ደግሞ ቤት ይከራያል» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የኢኮኖሚ ትንታኔ ከባልደረቦቼ ሪፖርት ውስጥ አንብቤ አላውቅም። በርግጥም ከየግቢው ጀርባ በአንድ ጣሪያ ሥር ተደርድረው የተሠሩት ክፍሎች የተከራዩት ተመድበው በመጡ መምህራን፣ ነርሶችና የግብርና ሠራተኞች ነው፤ አብዛኞቹም በደረሱ በማግሥቱ የዝውውር ማመልከቻቸውን ያስገባሉ፤ ማታ ሲገናኙም ወሬያቸው ማን ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛወረ የሚለው ነው። ከተማዪቱ ጥንት በሚያልፍ ነጋዴ ትኖር እንደ ነበረ፣ ዛሬም ልቡ በሄደ ሠራተኛ ትኖራለች፤ ይህን አንዳንድ ሰው እንደ ውርደት ይቈጥረዋል፣ እኔ ግን አልቈጥረውም። ሁለት ዓመት ብቻ አስተምሮ የሚሄድ መምህር ሊያስቀር የሚችለውን አሞሌ የጫነ ሲራራ አላስቀረም፤ ሰው ይዞ ስለ መጣው ሲራራማ ባንናገር ይሻላል።

በመጨረሻ በቅጹ ላይ የጻፍሁት «ጤፍ፣ የቤት ኪራይ፣ ሳምንታዊ ገበያ» የሚል ነበር። ክርክር የተነሣው በሦስተኛው ነው፤ የገበያው ሜዳ ከሳምንቱ ቀናት አብዛኛውን ባዶውን ስለሚውል ከፊሉ ለመኖሪያ ቤት ይሸንሸን የሚል ሐሳብ ቀረበ። እኔም በገበያው ዕለት ከቆላው ፍየሉንና ማሽላውን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣ ያደረው ሰው አህያውን የሚያስርበትና ጭነቱን የሚያራግፍበት ቦታ ሊጠብበት እንደማይገባ፣ ለቤት የሚሆን መሬት ግን በከተማው ዳርቻ ሊገኝ እንደሚችል በጽሑፍ አስረድቼ፣ ሜዳው እንዳለ እንዲቆይ የሚያሳየውን ካርታ ከሪፖርቱ ጋር አያይዤ አቀረብሁ።