ያውቁ ኖሯል? ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲንና የኑግ ዘይታችን

ኬሚካላዊ ለውጥ እንዲፈጥን ወይም እንዲዘገይ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ በአቶሞች መካከል ያለው ትስስር ጥንካሬ ነው። ይህ ሕግ በደብረ ታቦር ሰማይም፣ በማጀታችንም ይሠራል።

ያውቁ ኖሯል? ሚቴንና ክሎሪን በጨለማ ቤት ውስጥ ቢደባለቁ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ፀሐይ ካየቻቸው ግን ሊፈነዱ ይችላሉ። ሁለቱን የክሎሪን አቶሞች የያዘው ትስስር 242 ኪሎጁል በሞል ብቻ ስለሆነ ሰማያዊ ብርሃን ይበጥሰዋል።

ያውቁ ኖሯል? የተላቀቀው የክሎሪን አቶም ከሚቴን ላይ ሃይድሮጅን ይነጥቃል። ሃይድሮጅኑን ያጣው ደግሞ ከሌላ የክሎሪን ሞለኪውል አንድ አቶም ወስዶ ሌላውን ይለቀዋል። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ያስነሣችው ሰንሰለት በሺዎች ጊዜ ሊደጋገም ይችላል።

ያውቁ ኖሯል? ከሚቴን አንድ ሃይድሮጅን ለመንጠቅ 439 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ሃይድሮጅኑ ከፍሎሪን ጋር ሲተሳሰር 570 ገደማ፣ ከክሎሪን ጋር 431፣ ከብሮሚን ጋር 366፣ ከአዮዲን ጋር 298 ኪሎጁል ይመለሳል። ስለዚህ ፍሎሪን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፣ ክሎሪን ይፈጥናል፣ ብሮሚን ይዘገያል፣ አዮዲን ደግሞ ጨርሶ አይሞክረውም።

ያውቁ ኖሯል? ዘገምተኛው ብሮሚን መራጭ ነው። በፕሮፔን ጫፍና መሐል ባሉት የሃይድሮጅን ትስስሮች መካከል ያለው ልዩነት 10 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው። ክሎሪን ሁለቱንም በተቀራራቢ መጠን ሲያጠቃ፣ ብሮሚን 97 በመቶ ያህሉን ጊዜ ደካማውን፣ የመሐሉን ይመርጣል።

ያውቁ ኖሯል? ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ደብረ ታቦር፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ለሚረዝመው ለጉና ተራራ ደግሞ ይበልጡን፣ ይህን ጨረር የሚያግደው የኦዞን ጋሻ ብርቱ ጉዳይ ነው። በአሮጌ ማቀዝቀዣዎች ጋዝ ውስጥ የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር ጠንካራ ሲሆን፣ የካርቦንና የክሎሪኑ ግን ላይኛው ሰማይ ሲደርስ በዚሁ ጨረር ይበጠሳል። አንድ የክሎሪን አቶም እስከ 100,000 የኦዞን ሞለኪውል ሊያጠፋ ይችላል። ይህን አደጋ በ1974 እ.ኤ.አ. ያመለከቱት ሳይንቲስቶች ሞሊናና ሮውላንድ ከክሩትዘን ጋር በ1995 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ያውቁ ኖሯል? የዘይት ባሕርይ በአዮዲን ይለካል። 100 ግራም የኑግ ዘይት ወደ 130 ግራም የሚጠጋ አዮዲን ሲውጥ፣ ቅቤ ግን 35 ግራም ገደማ ብቻ ይውጣል። ልዩነቱ የመጣው በኑግ ዘይት የካርቦን ሰንሰለት ውስጥ ካሉት ድርብ ትስስሮች ብዛት ነው።

ያውቁ ኖሯል? አዮዲን ብቻውን ከድርብ ትስስር ጋር ሲገናኝ እጅግ ይዘገያል። ኬሚስቱ ዊይስ በ1898 እ.ኤ.አ. ክሎሪንን ከአዮዲን ጋር አጣምሮ ሥራውን አፋጠነው። ዛሬም በቤተ ሙከራ ዘይቱና የዊይስ ፈሳሽ ከተቀላቀሉ በኋላ ጠርሙሱ ተከድኖ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ ብርሃን ካገኘው ሃይድሮጅን የሚነጥቀው ሰንሰለት ተነሥቶ ልኬቱን ያዛባል። በመጨረሻ ስታርች ጠብ ተደርጎበት ከተረፈው አዮዲን የመጣው ሰማያዊ ቀለም ሲጠፋ፣ ዘይቱ የዋጠው አዮዲን ይሰላል።

ያውቁ ኖሯል? በኑግ ዘይት ውስጥ በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል ያለው የካርቦንና የሃይድሮጅን ትስስር 320 ኪሎጁል ገደማ ብቻ ነው፤ ከሚቴኑ በብዙ ይደክማል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሚገባው በዚሁ ቀዳዳ ነው። በዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ የሚጋገረው ሙጫ መሳይ ነገርና የቆየ ዘይት ሽታ ከዚህ የመጡ ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ሰውነታችንም አዮዲንን ከካርቦን ጋር ያስተሳስራል። ታይሮክሲን የተባለው የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን አራት የአዮዲን አቶሞች ይዟል። ዝናብና የአፈር መሸርሸር የደጋ አፈርን አዮዲን ስለሚያጥቡት፣ ኢትዮጵያ በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች።

እንግዲህ የኑግ ዘይትዎን ፀሐይ በማያገኘው ቦታ በደንብ ከድነው ያስቀምጡ፤ አዮዲን ያለውን ጨው ደግሞ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩት።