አርዲቲ፦ የወባን ዱካ የምትፈልግ ፕላስቲክ

ድሬዳዋ ውስጥ ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ይህችን ዕቃ ያውቃታል። ከጣት ብዙም የማትበልጥ ነጭ ፕላስቲክ ናት፤ ባለሙያዎቹ «አርዲቲ» ይሏታል። ጣት ይወጋል፣ 5 ማይክሮ ሊትር ያህል ደም ጉድጓዷ ላይ ይደረጋል፣ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ መጠበቅ ነው። አንድ ቀይ መስመር ብቻ ከወጣ ወባ አልተገኘም፤ ሁለት ከወጣ ተገኝቷል። መብራትም ማይክሮስኮፕም ስለማትፈልግ ጤና ኬላ ድረስ ወርዳለች።

መመርመሪያ ትባል እንጂ ተሕዋሲውን አታየውም። የምትፈልገው ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተሕዋሲ ደም ውስጥ የሚረጨውን «ኤችአርፒ ቱ» የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ፈሳሹ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈነዳል፤ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት የተሸከሙ አንቲቦዲዎች ፕሮቲኑን ይዘው በወረቀቱ ላይ ይሳባሉ፤ መስመሩ ላይ የተደገኑት ሌሎች አንቲቦዲዎች ደግሞ ያስቀሯቸዋል። የምናየው ቅላት የወርቁ ነው። ወርቅ እጅግ ሲደቅ ይቀላል፤ ከዚህች ዕቃ ሥራ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ዱካ ፈላጊ ግን በዱካ ይታለላል። ሕመምተኛው ከዳነ በኋላ ፕሮቲኑ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል የሌለውን «አለ» ትላለች። የባሰው ተቃራኒው ነው፤ ፕሮቲኑን የሚሠራው ዘረመል የጠፋበት ተሕዋሲ ሰውን ያሳምማል፣ እሷ ግን «የለም» ብላ ትሸኘዋለች። ይህ መጀመሪያ የታየው ፔሩ ውስጥ ነው። በእኛ አገር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከውጭ አጋሮቹ ጋር በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ 12,572 ሰዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ጥናት፣ በዚህ ምክንያት 9.7 በመቶ ያህሉ የፋልሲፓረም ሕመምተኛ ሳይታወቅ ሊያልፍ እንደሚችል ገመተ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ5 በመቶ ካለፈ መመርመሪያው ይቀየር ይላል። መርምሮ ማከሙ ራሱ የተደበቀውን ያግዘዋል፤ መስመር ያወጣው መድኃኒት ተሰጥቶት ይጠፋል፣ ያላወጣው ሰውየውን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ድሬ ላይ ይህ ጣጣ ከአንዲት እንግዳ ትንኝ ጋር ተገጣጠመ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የእስያ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ተገኘች። የአገሬው የወባ ትንኝ ክረምት ያቆረውን ውኃ ስትፈልግ፣ ይቺኛዋ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜል፣ የውኃ ታንከር፣ ግንባታ ቦታ የተጠራቀመ ውኃ ይበቃታል። ውኃ ሲመጣ ሞልቶ ማስቀመጥ ልማድ ለሆነበት ከተማ ከዚህ የከፋ እንግዳ የለም። በ2019 በከተማዋ 205 የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበው ነበር፤ በ2022 ግን ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ብቻ ከ2,400 በለጡ።

ያኔ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋሙ ፍጹም ታደሰ፣ የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶይን ቡሰማና ሌሎችም የተጣመሩበት ቡድን ሥራውን ድሬዳዋ ላይ አደረገ። 101 ወባ የተገኘባቸውንና 189 ያልተገኘባቸውን ሰዎች መዝግቦ ግቢያቸው ድረስ ሄደ፤ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያም አልቀረም። የቤተሰቡ ደም ተወሰደ፣ የግቢው ውኃ ተፈተሸ፣ ትንኞቹ ተያዙ። እንዲህ ያለው ትብብር በኢሜይል አይሆንም ባይ ነኝ፤ በርሜሉን ገልጦ ማየት የሚፈልግ ሰው በርሜሉ አጠገብ መቆም አለበት። ከተያዙት ጎልማሳ የወባ ትንኞች 97 በመቶው ስቴፈንሲ ሆኑ። የተሕዋሲዎቹ ዘረመል ሲነበብ ደግሞ ኤችአርፒ ቱን የጣሉ፣ መድኃኒት አይበግራቸውም ብሎ የሚያስጠረጥር ምልክት የያዙም ተገኙ። ውጤቱ በ2023 ኔቸር ሜዲስን መጽሔት ላይ ታተመ።

መፍትሔው ሌላ ዱካ መፈለግ ነው። «ፒኤልዲኤች» ተሕዋሲው ኃይል የሚያገኝበት ኢንዛይም ስለሆነ ጥሎት መኖር አይችልም፤ ሲሞትም ቶሎ ይጠፋል። ፕላስቲኩ ያው ነው፣ ጣት መውጋቱም 20 ደቂቃውም አልተቀየረም። ብቻ ተሕዋሲው ጥቂት ሲሆን ይህኛው መስመር ደብዘዝ ስለሚል፣ ነርሷ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አዟዙራ ታየዋለች።