የትውልድ መሰላልና የጎልማሳነት ደስታ

የአንድ ኅብረተሰብ ዕድገት የሚመዘነው በተከላቸው ፋብሪካዎችና በዘረጋቸው መንገዶች ብቻ አይደለም። የገበሬው፣ የወዛደሩና የጉልት ቸርቻሪዋ ልጅ ወላጆቹ ከነበሩበት የኑሮ ደረጃ ተነሥቶ የት ለመድረስ ይችላል የሚለው ጥያቄም ዐቢይ መመዘኛ ነው። ይሁን እንጂ የወጣ ሁሉ ደስተኛ፣ የወረደ ሁሉ ኀዘንተኛ ነው ብሎ መደምደም የጉዳዩን ውስጣዊ ቅራኔ አለማየት ይሆናል።

ቅራኔው ጎልቶ የሚታየው በጎልማሳነት ዘመን ነው። ወጣቱ ገና እደርሳለሁ ይላል፤ አረጋዊው የሆነውን ተቀብሎ ይኖራል። በአርባዎቹና በአምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኘው ግን በአንድ ወገን ጧሪ የሚሹ ወላጆች፣ በሌላው ወገን ራሳቸውን ያልቻሉ ልጆች ይዞ፣ ያሰበውንና የደረሰበትን ያስተያያል። የኢኮኖሚ ሊቁ ዴቪድ ብላንችፍላወር እ.ኤ.አ. በ2020 ከ130 በላይ አገሮችን የሚመለከት መረጃ መርምሮ፣ የኑሮ እርካታ ዝቅ የሚለው በአርባዎቹ ዓመታት ማብቂያ ገደማ መሆኑን አመልክቷል። ንድፉ በየአገሩና በየዘመኑ አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ ጎልማሳነት የሒሳብ መተሳሰቢያ ዕድሜ መሆኑን ያስረዳል።

ሁለት አመለካከቶች

በሩሲያ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው ፒቲሪም ሶሮኪን እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ሥራው፣ ከአንዱ የኑሮ እርከን ወደ ሌላው መሸጋገር ጥቅም ቢኖረውም ሰውን ከቤተ ዘመዱና ከባልንጀሮቹ በማራቅ ለብቸኝነትና ለመንፈስ ጭንቀት ሊዳርገው እንደሚችል ተከራክሯል። በአንጻሩ ጆን ጎልድቶርፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝና በዌልስ ወንዶች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተነሥተው ከፍ ወዳለ ሙያ የደረሱት በአብዛኛው የተገለሉና የተሰበሩ ሆነው አልተገኙም።

ለዚህ ልዩነት ተጨባጩን ሁኔታ መመልከት ያሻል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ የባለሙያና የኃላፊነት የሥራ ቦታዎች በእጅጉ ስለተስፋፉ፣ የሠራተኛው ልጅ የወጣው ብቻውን ሳይሆን ከብዙ መሰሎቹ ጋር ነበር። ይኸው ጥናት ግን የሠራተኛው ልጅ ከባለሙያው ልጅ ጋር ሲወዳደር የነበረው ዕድል ብዙም እንዳልተሻሻለ ገልጧል። ቤቱ ሰፋ እንጂ የበሩ ወረፋ አልተለወጠም።

መውጫው ሲጠብ

በአሜሪካ ራጅ ቼቲና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት የነገሩን ሌላ ገጽታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1940 ከተወለዱት 90 በመቶ ያህሉ ወላጆቻቸው ከነበራቸው የበለጠ ገቢ ሲያገኙ፣ በ1980ዎቹ ከተወለዱት ግን ይህ ዕድል የደረሳቸው ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ለዚህ ማሽቆልቆል ዋናው ምክንያት ከምርት ዕድገት መዳከም ይልቅ የተገኘው ሀብት ክፍፍል ለጥቂቶች ማድላቱ መሆኑን ጥናቱ ያብራራል።

መዘዙ በጎልማሶች ላይ ታይቷል። አን ኬስና አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳመለከቱት፣ ከ45 እስከ 54 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ነጭ አሜሪካውያን፣ በተለይም ትምህርታቸው አነስተኛ በሆነው ዘንድ፣ ራስን በመግደል፣ በአደንዛዥ ዕፅና በመጠጥ ሳቢያ የሚደርሰው ሞት ከ1999 ወዲህ አሻቅቧል። «ማንም በጥረቱ ይደርሳል» የሚለው እምነት በነገሠበት ኅብረተሰብ፣ ያልደረሰው ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ብቻ ይደፈድፋል። የፋብሪካው መዘጋት የእርሱ ስንፍና ይመስለዋል።

ጉዳዩና እኛ

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣበትና በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረበት ዘመን የተወለዱት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ፊደል ካልቆጠረ አባት ተወልዶ ለመምህርነት፣ ለነርስነት ወይም ለመካኒክነት የበቃ አለ። እርሱ እንዲማር እኅቱ ከትምህርት ገበታ ቀርታ ውኃ ቀድታለች፤ ወንድሙ ከብት ጠብቋል። የአንዱ መውጣት የብዙዎች ላብ ውጤት ነው።

እንዲህ ያለው ሰው የሚመዘነው በሁለት ሚዛን ነው። በገጠር «የደረሰ ልጅ» ነውና ብዙ ይጠበቅበታል፤ በከተማ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ወጪ ደመወዙን ይጨርሰዋል። ለእናቱ የሕክምና ገንዘብ መላክ ሲያቅተው፣ ባዶ እጄን እንዴት ልግባ ብሎ ለበዓል አገር ቤት መሄዱን ይተዋል። ደስታውን የሚነጥቀው እጥረቱ ብቻ ሳይሆን፣ ከዕፍረት የሚመነጨው መራራቅም ነው።

ከዚህ የምንገነዘበው የጎልማሳ ደስታ በወጣበት እርከን ከፍታ ብቻ የማይወሰን መሆኑን ነው። ከእነማን ጋር እንደወጣና ከመነሻው ጋር ያለው ገመድ መጽናት አለመጽናቱም ይወስነዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ የወላጆች ጡረታና ሕክምና፣ የልጆችም ትምህርት በአንድ ደመወዝተኛ ጫንቃ ላይ እስከተጫነ ድረስ መውጣት ራሱ ሸክም ይሆናል። ስለዚህ የትምህርትና የሕክምና በር ለሁሉም እንዲከፈት መጣር የኅብረተሰቡ ተግባር ነው። የዕድሩና የሠፈሩ ማኅበር አባል፣ የሥራ ባልደረባም፣ ያልተሳካለትን ጎልማሳ «ሰነፍ» ከማለት አስቀድሞ የቆመበትን መሰላል ሊመረምርለት፣ ከመካከላችንም እንዳይርቅ እጁን ሊይዘው ይገባል።